«የራሳችን ነው እኮ!»

በጉን የገዛነው አሰላን አለፍ እንዳልን ነው። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን፤ በጉ አሥራ አምስተኛ ሆኖ ተሳፈረ። ኮስተሯ ጣሪያ ላይ ከሦስት ሳጥን ቢራ፣ ከስምንት እሽግ ውሃ፣ ከአንድ ጀነሬተርና የመንደር ሰርግ ለማስጨፈር ከሚበቃ ስፒከር ጋር አብሮ ታሰረ። ስፒከሩ መኪናው ሲዘል እንዳይሰበር ተብሎ በአራት ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ስለ ብርድ ልብሶቹ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጉዟችን ወደ ባሌ ተራሮች ነበር። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፓርኩ ገና በዓለም ቅርስነት ሳይመዘገብ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተሰባስበን «እስከ መቼ ቅዳሜና እሑድን በድራፍት?» ተባባልን፤ ገንዘብ አዋጣን፤ ሦስት ቀን በእግር ልንጓዝ፣ ሁለት ሌሊት በድንኳን ልናድር ተነሣን። ዓላማው ሀገርን ማወቅ ነው ተብሎ ቲሸርት ሁሉ ታትሟል። ጀርባው ላይ የቀይ ቀበሮ ሥዕል አለበት። ያተመልን ልጅ ሥዕሉን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቀበሮው ቁርጥ ጀርመን ሼፐርድ ነው የሚመስለው።

በቆጂን ስናልፍ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን እያነሣን አጨበጨብን። አንዱ ባልደረባችን «እኛ እኮ የሯጭ ዘር ነን!» አለ። ይኸው የሯጭ ዘር በማግስቱ ከድንኳኑ እስከ መጸዳጃው ሲሄድ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሲያለከልክ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ዲንሾ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍ ይላል፤ ብርዱ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ይቀበላል። የፓርኩ ዋና መግቢያ እዚያ ነው። በእግር የሚጓዝ ሰው አስጎብኚውንም ፈረሱንም የሚያገኘው እዚያው ነው። ጥዱና ኮሶው ሥር ደጋ አጋዘኖች ቆመዋል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ስንወርድ ቀና ብለው አዩንና ሣራቸውን መጋጥ ቀጠሉ። አሥራ አራታችንም ጸጥ አልን። ያቺ አንድ ደቂቃ የጉዟችን ምርጥ ደቂቃ ነበረች። ወዲያው አንዱ ጀነሬተሩን አስነሣው።

*

አስጎብኚያችን ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ረጋ ያለ ልጅ ነው። የመግቢያውን፣ የራሱን የቀን ክፍያና የፈረስ ኪራዩን አንድ በአንድ ነገረን። ከሀገር ሰው የሚጠየቀው መግቢያ የውጭ ሀገር ሰው ከሚከፍለው በእጅጉ ያነሰ ነው። ቢሆንም ክርክሩ ተጀመረ።

«ፈረንጅ መሰልንህ እንዴ? የራሳችን ነው እኮ!»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። የተከራከርንበት ልዩነት ጣሪያው ላይ ካለው ቢራ የአንዱን ሳጥን ዋጋ አያክልም። የፈረሱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ልጓሙን ይዘው ዝም ብለው ያዩናል። ፈረሱም ያየናል።

ሁለተኛው ክርክር በበጉ ላይ ነበር። ልጁ «እዚህ ግቢ ውስጥ አይታረድም» አለ። «ደግሞ በገዛ ሀገራችን በግ ለማረድ ልናስፈቅድ ነው?» ያለም አልጠፋ። በስንት ጭቅጭቅ ከተማው ውስጥ አሳረድንና ሥጋውንም አጥንቱንም በጆንያ ይዘን ተመለስን። ማታ ተሰብስበን ስንበላ አስጎብኚውንና ሽማግሌውን «ኑ እንጂ፣ ብሉ» አልናቸው። «እናመሰግናለን፣ በልተናል» አሉ። ለመንናቸው፤ አፈር ስሆን አልን፤ እንዲያውም ቅር አለን። አንዲት ባልደረባችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በጉን ማን ባረከው?» እስክትለኝ ድረስ ነገሩ አልገባኝም። አብዛኛው ሰው ሙስሊም በሆነበት አገር በእንግድነት ሄደን፣ አስተናጋጆቻችን የሚበሉትንና የማይበሉትን እንኳ ሳንጠይቅ ነው «ሀገራችንን ልናውቅ» ድንኳን የተከልነው።

ሦስተኛው የእኔ ጥፋት ነው። አጥንቴን ግጬ ስጨርስ ከጨለማው ዳር ሁለት ዓይኖች ሲያበሩ አየሁ። ውሻ ነው፤ ሽታውን ተከትሎ ከመንደር የመጣ። ወረወርኩለት። አስጎብኚው ብድግ አለ፦

«ጋሼ፣ እባክዎን ለውሻ አይወርውሩ!»

ለውሻ አጥንት መወርወር ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ይህን ለማለት ፈልጌ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሰማው የዋልኩት ቃል ነዋ።

«ምን ችግር አለው? የራሳችን ነው እኮ!»

*

ልጁ አልተቆጣም። አጠገቤ ቁጢጥ አለና ያስረዳኝ ጀመር። እኔም የነገረኝን ከዚያ ወዲህ ከጻፉት ሰዎች ጽሑፍ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ እናንተም ስሙት።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። በዓለም ላይ የቀረው አምስት መቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ነው የሚኖረው። ቀን ቀን ለየብቻው ፍልፈልና አይጥ ያድናል፤ ማታና ጠዋት ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ይላላሳል፣ አብሮ ይተኛል። ማኅበራዊ ኑሮው የእኛን ነው የሚመስለው። መዘዙም ከዚህ ይመጣል፤ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ ያልቃል።

የሚገድለው ደግሞ አዳኝ አይደለም፤ በአብዛኛው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጀ። በ2003 ተመልሶ መጣና በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ከአራቱ ሦስቱን! በ2008 እና በ2014ም እንደገና ተነሣ። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም በበኩሉ ተጨምሯል።

በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ እንዲተላለፍ ውሻው ቀበሮው ወዳለበት መሄድ አለበት። ውሻ ደግሞ ያለምክንያት ተራራ አይወጣም። ከብት ጠባቂ ተከትሎ ይሄዳል፤ የሰው ትራፊ ሽታ ተከትሎም ይሄዳል። ዛሬ አጥንት ያገኘበትን ሜዳ ነገ ይመለስበታል፤ ከነገ ወዲያ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የወረወርኩት አጥንት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አያችሁልኝ? ልጁ ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ ተነሥቶ ሄደና አጥንቱን ከጨለማው ውስጥ ፈልጎ አነሣው። ውሻው አጉረመረመበት። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የቀበሮ ሥዕል ያለበትን ቲሸርት እንደለበስኩ።

ብርድ ልብሶቹ? ጤዛ እንዳይነካው ብለን ከነስፒከሩ ኮስተሯ ውስጥ አስገብተናቸው ኖሯል። ሹፌሩ መኪናውን ቆልፎ ከተማ አደረ። ስፒከሩ ሞቆት አደረ፤ እኛ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ ነጋ።

*

ጠዋት አሥራ አራታችን ሁለት ቦታ ተከፈልን። ዘጠኙ «እግር ጉዞው ይቅርብን» አሉ። በኮስተሯ ጎባ ገብተው፣ እዚያ ላንድክሩዘር ተከራይተው፣ ሳነቴን አቋርጠው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ወጡ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። ፎቶ ተነሥተው «ተራራ ወጣን» ብለው ለጠፉ። እግራቸው ተራራውን የነካው ምናልባት ለሩብ ሰዓት ነው። ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ደግሞ ጅብራ ተደግፎ ሲነሣ ጅብራውን ሰበረው፤ ይህንንም በኩራት ነገረን። ጅብራ ለረጅም ዓመታት ሲያድግ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ለፎቶ ተሰበረ።

አምስታችን ከልጁ፣ ከሽማግሌውና ከፈረሱ ጋር በእግር ወደ ወይብ ሸለቆ ሄድን። የመጀመሪያው ሰዓት ቅጣት ነበር። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ትንፋሻችን ተስተካከለ፤ ወሬያችን ቀነሰ። ወሬ ሲቀንስ ጆሮ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ልጁ እጁን አነሣና ቆምን። መቶ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ፊት ለፊት አድፍጣለች። አንድ እግሯን አንሥታ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ ምንም ሳትንቀሳቀስ። ፍልፈሉም በዓለም ላይ ባሌ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ፍልፈል ነው። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላስታውስም። ዘለለች፤ ሳተች፤ ዞር ብላ አየችንና ወደ ሌላው ጉድጓድ ሄደች። እንደኛ ቢሆን ኖሮ ስብሰባ ይጠራ ነበር።

ማታ ከሽማግሌው ጋር በልጁ አስተርጓሚነት ተጫወትን። ውሻ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«አለኝ። ጅብ ከብት እንዳይወስድብኝ ነዋ።»

«ተከትቧል?»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸው ሥር ጠባሳ አለ። ከታቢዎቹ መንደራቸው በመጡ ጊዜ ውሻው አልሄድም ብሎ አስቸገራቸው፤ አስረው ሲጎትቱት ነከሳቸው። እንደዚያም ሆኖ ወሰዱት።

«ግን ቀበሮዋ ለእርስዎ ምን ትጠቅማለች?» አልኩ። የከተማ ሰው ጥያቄ መቼም እንዲህ ነው።

ሽማግሌው ሳቁ። «አንተን ከአዲስ አበባ ድረስ ማን አመጣህ? እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?»

*

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠቡ ከዚህ ይጀምራል። ጠቤ ከራሴና ከመሰሎቼ ጋር ነው።

እኛ የከተማ የተማርን ሰዎች «የራሳችን ነው» የምትለዋን ቃል ምን ብለን ነው የምንረዳት? የእኔ በሬ ነው ያለ ገበሬ በሬው ሲታመም ሌሊት ይነሣል። የእኔ ልጅ ነው ያለች እናት ልጇ ሲያስል አትተኛም። በሀገራችን ቋንቋ ባለቤት ማለት የሚጨነቅ፣ የሚጠብቅ፣ ሲጎድል የሚሞላ ሰው ማለት ነበር። እኛ ግን ተራራ በር ላይ ስንደርስ ቃሉን ገለበጥነው። «የራሳችን ነው» ማለት አንከፍልም፣ አንጠየቅም፣ አንታዘዝም ማለት ሆነ። ሕግ ለእንግዳ፣ ነፃነት ለባለቤት! ሽማግሌው ውሻቸው ነክሷቸው አስከተቡት፤ እኔ የጋጥኩትን አጥንት ጆንያ ውስጥ መክተት ከበደኝ። እስቲ ፍረዱ፤ ከሁለታችን ባለቤቱ ማነው?

ይህ አመል የተራራ ላይ አመል ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳሎናችንን በቀን ሁለት ጊዜ አስወልውለን ጥራጊውን ከአጥር ውጭ የምንደፋ ሰዎች ነን። ከአጥራችን ውስጥ ያለው የእኔ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው የራሳችን ነው። «የእኔ» የሚጠረግ፣ «የራሳችን» የሚደፋበት! አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይሉ ነበር። የእኛ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ እኛው፣ ናቂውም እኛው።

መራመድን መናቃችንስ? በየመግቢያው የምትሰማው ቀልድ አንድ ናት፦ «መኪና እያለ በእግር የሚሄድ ፈረንጅ ብቻ ነው።» መራመድ የፈረንጅ ነገር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ለግሸን ማርያም ተራራ፣ ለላሊበላ ገና በእግሩ ስንት ቀን የሚጓዘው ማነው? እዚያው ባሌ ምድር ለድሬ ሼህ ሁሴን ባላ በትሩን ይዞ ከየአቅጣጫው የሚተመው ምእመን ፈረንጅ ነው? እነዚያ ሰዎች ስንቃቸውን በልካቸው ይዘው፣ በየመንገዱ ያለውን ሰው ሰላም እያሉ፣ የሚሄዱበትን ቦታ ከራሳቸው አስበልጠው ነው የሚሄዱት። ተጓዥነትን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም ነበር። ከገዛ አያቶቻችን የወረስነውን ጥለን፣ ጀነሬተር ተሸክመን የወጣነው እኛ ነን።

*

መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ከአሁኑ ልመልስ።

አንዱ «ገበሬው ሺህ ከብት ያሰማራበት፣ የሚያርስበት ተራራ ላይ የእኔ አጥንት ምን ታመጣለች?» ይለኛል። እውነት ነው፤ ባሌ ላይ ከእኛ ትራፊ የሚበልጥ ችግር አለ። ግጦሹ፣ እርሻው፣ የማገዶው ነገር ከባድ ነው። ልዩነቱ ግን ገበሬው እዚያ የሚያደርገውን የሚያደርገው ለመኖር ነው፤ የእሱን ጥያቄ የሚመልሰው መሬትና መተዳደሪያ ነው። እኔ የሄድኩት ለመዝናናት ነው። ለመኖር ከሚያጠፋና ለመዝናናት ከሚያጠፋ ሰው ቀድሞ ማፈር ያለበት ማነው? ደግሞም ገበሬውን «ከብትህን ቀንስ» የምንለው እኛው፣ የከተማዎቹ ነን። ቢራ ጠጥተን ጠርሙሱን ጥለን ስንመለስ ያየ ገበሬ ምክራችንን በምን ጆሮው ይስማን?

ሌላው «ፈረንጅስ አያቆሽሽም? ኤቨረስት በቆሻሻ ተሞልቶ የለም?» ይላል። ተሞልቷል። የጎረቤት ቤት መቃጠሉ ግን የራስን ቤት ለማቃጠል ፈቃድ ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛው «መንግሥት ምን ይሠራል? ገንዳ የለ፣ ሽንት ቤት የለ፣ ጥበቃ የለ» ይላል። ይጠየቅ፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መስከረም 2023 ነው። በመካከሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ። የተመዘገበ ዕለት ሁላችንም በፌስቡክ ባንዲራ ለጥፈን «እንኳን ደስ አለን!» ተባብለናል። ደስታው የሁላችን ከሆነ ጆንያው ለምንድነው የመንግሥት ብቻ የሚሆነው?

አራተኛው መልስ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ቅን ሰዎች የሚሉት ስለሆነ። «ሰዉ ገና ሀገሩን ማየት እየጀመረ ነው፤ አታስደንግጠው፤ ይሂድ፣ ቀስ እያለ ይማራል» ይላሉ። ይሂድ! እኔም እንዲሄድ ነው የምለው። ሳይሄድ የሚቀር ሰው ያላየውን አይጠብቅም። ግን «ቀስ እያለ» የሚለው ነገር ያስፈራኛል። አምስት መቶ የሚሆን እንስሳ ቀስ ብሎ የሚማርን ሰው የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ከ2003ቱ ዓይነት አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል።

ተራራውም ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ አይጠብቅም። ስሜንን ተመልከቱ። ደባርቅ ድረስ አስፋልት ነበረ፤ ዋሊያው፣ ጭላዳው፣ ገደሉ ነበረ። ብዙዎቻችን «አንድ ቀን እንሄዳለን፣ የት ይሄዳል?» እያልን ስንቱን ዓመት አሳለፍን። እ.ኤ.አ. በ2019 ተራራው ለቀናት ነደደ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ተከታትሎ የመጣው ጦርነትና ግጭት ያን መንገድ ለተራ ተጓዥ እንደ ድሮው ቀላል እንዳይሆን አደረገው። በየመንደሩ በፈረስና በበቅሎ ኪራይ ልጅ ያስተምር የነበረ ሰው ቤት ምን እንደገባ አስቡት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። እጃችን ላይ እያለ እንወቅበት።

*

ምን እናድርግ ለሚለኝ ሰው ረጅም ዝርዝር የለኝም።

አሥራ አራት ሆነህ አትሂድ፤ አምስት ስድስት ሁን። ስፒከሩን እቤት ተወው፤ ብርድ ልብሱን ያዝ። ሌሊት ከዜሮ በታች እንደሚወርድ አውቀህ ሂድ። አጋዘን ቢጠጋህ፣ ከርከሮ ቢለምድህ፣ ዳቦ አትስጠው። ሰው የለመደ አውሬ መጨረሻው አያምርም። የምታበስለው በያዝከው ምድጃ ይሁን፤ አስታው እስኪያድግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ጠይቅ፤ ከዚያ መቁረጥ አያስችልህም። የአስጎብኚውንና የፈረሱን ዋጋ ሳትከራከር ክፈል። ያች ገንዘብ ተራራው ቆሞ እንዲቆይ የሚፈልግ አንድ ቤተሰብ ትጨምራለች። የአካባቢው ሰው የሚበላውን፣ የሚጸልይበትን ሰዓት፣ ስሙን ጠይቅ። እኔ የሽማግሌውን ስም የጠየቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ፈረሳቸውን ስም የጠየቅሁት በመጀመሪያው ቀን ነበር።

የቀረው የፕላስቲኩ ነገር ነው። የውሃ ፕላስቲኩን ሁላችንም «ሃይላንድ» ነው የምንለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ደጋው ላይ ወጥቶ ሃይላንድ መጣል የሚያስቅ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከወይብ ሸለቆ ልንነሣ ስንል አስጎብኚው የበላንበትን የጠጣንበትን ሁሉ በአንድ ጆንያ ሰበሰበ። ጆንያው ሞላ። አንዱ ባልደረባችን፣ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ለፈረሱ አዝኖ ነው፣ «ይህን ሁሉ ከምናስጭነው ለምን እዚሁ ጉድጓድ ቆፍረን አንቀብረውም?» አለ።

ልጁ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው ፈረሱን እየጫኑ ነበር፤ ቀና ሳይሉ መለሱ። ልጁ ትንሽ አመነታና ነገረን፦

«ፈረሱ ሙሉውን ተሸክሞ አምጥቶታል፤ ባዶውን መመለስ አያቅተውም። እናንተን ነው ወይ የከበዳችሁ? ነው የሚሉት።»

ማንም አልመለሰም። ጆንያውን አንሥቼ ጀርባዬ ላይ አደረግሁት። እስከ ዲንሾ ድረስ ተንኳኳብኝ እንጂ አልከበደኝም። የራሳችን ነው እኮ።